የቲዩብ ዘመን ኦሲሎስኮፕ፦ የትኛው ለማን ይሆናል?

ክብ አረንጓዴ ስክሪን፣ በጥቁር ቁልፎች የተሞላ ፊት፣ ከላይ እጀታ። አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ አማተሮች በሚያዘጋጁት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ወይም በኢንተርኔት ጨረታ ላይ በቫኪዩም ቲዩብ (ከትራንዚስተር በፊት በነበረው የመስታወት አምፖል መሰል ዕቃ) የሚሠራ ኦሲሎስኮፕ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሞገድን ቅርጽ በስክሪን ላይ የሚስል መሣሪያ፣ ለሚፈልግ ሰው ሁሉም አንድ ይመስሉታል። ሻጩም ብዙ ጊዜ «ይበራል» ብሎ ብቻ ይጽፋል። ጎን ለጎን ከተቀመጡት ሁለት ሳጥኖች አንደኛው ግን ሞገዱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ጊዜውን በሴንቲሜትር ያስለካችኋል። ሌላኛው ላይ ሞገዱ ሲንሸራተት ይውላል፤ እናንተም ቁልፍ ስታዞሩ ትውላላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የምትፈልጉት መለካት ብቻ ከሆነ አነስተኛ ዲጂታል ኦሲሎስኮፕ ግዙ፤ ይቀላል፣ ኤሌክትሪክ አይበላም፣ ጠረጴዛም አይሞላም። ይህ መመሪያ የተጻፈው የቲዩብ ሬዲዮና አምፕሊፋየር ለሚጠግን፣ ኤሌክትሮኒክስን ከሥሩ ለመማር ወይም ለማስተማር ለሚፈልግ፣ ወይም እነዚህ ድንቅ መሣሪያዎች ቆሻሻ ላይ እንዳይጣሉ ለሚሳሳላቸው ሰው ነው። እኔ ከሦስተኞቹ ነኝ።

ከስሙ በፊት መስፈርቱ

አብዛኛው ገዢ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋኸርዝ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስዊፑ (ጨረሩ ስክሪኑን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያቋርጥበት ጉዞ) ትሪገር (ጉዞውን ከሞገዱ ጋር አብሮ የሚያስነሳ ማስነሻ) አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። ካርል ፈርዲናንድ ብራውን የካቶድ ሬይ ቲዩቡን ጀርመን ውስጥ የሠራው በ1897 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጨረሩን ከግራ ወደ ቀኝ የሚጎትተው ሰርኪት በራሱ ጊዜ ሳያቋርጥ የሚመላለስ ነበር። ሞገዱ በስክሪኑ ላይ እንዲቆም ከተፈለገ የስዊፑን ፍጥነት ከሞገዱ ጋር ለማመሳሰል ቁልፉን በጥንቃቄ ማስተካከል ግድ ነበር። ሞገዱ ትንሽ ሲቀየር ምስሉ ይሮጣል። ከዚህም የባሰው አግድሙ መስመር በሴኮንድ አለመመዘኑ ነው፤ ቅርጹን ታያላችሁ እንጂ አንድ ዙር ስንት ማይክሮሴኮንድ እንደፈጀ ማንበብ አትችሉም።

ይህን የለወጠው ሬዳር ነው። የሬዳር ምት ተልኮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ለመለካት ስዊፑ ምቱ ሲነሳ አብሮ መነሳት ነበረበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በሬዳር ሥራ ላይ የነበረው ሃዋርድ ቮለም ከጃክ መርዶክ ጋር በ1946 ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ቴክትሮኒክስን መሠረተ። በ1947 ያወጡት 511 ሞዴል 10 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ (መሣሪያው በአግባቡ የሚያሳየው የሞገድ ፍጥነት ወሰን)፣ በትሪገር የሚነሳ ስዊፕና የተመዘነ የጊዜ ቁልፍ ነበረው፤ ዋጋውም 795 ዶላር። ሞገዱ አንድ የተወሰነ ቮልቴጅ ላይ ሲደርስ ስዊፑ ይነሳል፣ ስክሪኑን አቋርጦ ይመለሳል፣ ከዚያ ቀጣዩን ይጠብቃል። ስለዚህ ምስሉ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይጀምራል። ኦሲሎስኮፕን ከማያ ሳጥንነት ወደ መለኪያ መሣሪያነት ያሻገረው ይህ ነው።

የቀሩትን መስፈርቶች ባጭሩ ላስቀምጥ። ባንድዊድዝ፦ ለድምፅ አምፕሊፋየር ጥቂት መቶ ኪሎኸርዝ ይበቃል፣ ለመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ጥቂት ሜጋኸርዝ፣ ለአጭር ሞገድ ደግሞ እስከ 30 ሜጋኸርዝ። ቻናል (የምልክት መግቢያ)፦ የአምፕሊፋየርን መግቢያና መውጫ ጎን ለጎን ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ቻናል ይጠበዋል። ከዚያ ክብደት፣ የሚበላው ኃይልና የግድግዳው ቮልቴጅ አሉ።

በመጨረሻ የማስቀምጠው፣ ለእኔ ግን ከትሪገር ቀጥሎ የሚመጣው መስፈርት መተኪያ የሌለው ዕቃ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ነው። ቲዩብ ይገኛል፣ ካፓሲተር ይገኛል፣ ሬዚስተር ይገኛል። የተቃጠለ የስክሪን ቲዩብና የሞተ የከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመር ግን በቀላሉ አይገኙም። ከሁለት ሞዴሎች መካከል ስትመርጡ ስሙ ያነሰው ግን ስክሪኑ የደመቀው፣ ስሙ የገነነው ግን ስክሪኑ ከደበዘዘው ይሻላል።

ትሪገር የሌላቸው ወይም ጊዜ የማይለኩ፦ ዱሞንትና ሂትኪት

አለን ዱሞንት በኒው ጀርሲ የካቶድ ሬይ ቲዩብን ዕድሜ አርዝሞ ለገበያ ካበቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነው። ድርጅቱ ያወጣው 304-ኤ ዛሬም በብዛት ይገኛል። ዲሲ (የማይለዋወጥ ቮልቴጅ) ያሳያል፣ በምልክት የሚነሳ ስዊፕም አለው፣ ግንባታውም ጠንካራ ነው። ጊዜን ከቁልፉ በቀጥታ ማንበብ ግን አይቻልም፤ ባንድዊድዙም ለድምፅ ሥራ እንጂ ለሬዲዮ ሞገድ አይበቃም።

ሂትኪት ሌላ ታሪክ አለው። በ1947 ኦ-1 የተባለውን ኦሲሎስኮፕ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው በ39.50 ዶላር አቀረበ። 511 ከወጣበት ዓመት ጋር አንድ ነው፤ የዋጋውን ልዩነት ተመልከቱ። ብዙ የአሜሪካ ወጣት ኤሌክትሮኒክስን የተማረው እነዚህን ሳጥኖች ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ሲበይድ ነው። በኋላ የመጣው ኦ-12 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ይደርሳል ይባላል፣ ጫፉ ላይ ግን ምስሉ ያንሳል፤ ዲሲም አያሳይም። ጥሩው ነገር ውስጡ ቀላል መሆኑ ነው። ሥዕላዊ መመሪያውን ይዞ እያንዳንዱን ሽቦ መከተል ይቻላል። ክፉው ደግሞ ጥራቱ በገጣጣሚው እጅ ላይ መመሥረቱ ነው። አንዱን ከፍቼ ሳየው የሽቦ ጫፎቹ በተርሚናሉ ላይ ተጠምጥመዋል እንጂ አልተበየዱም፤ ዓመታት ሙሉ በመነካካት ብቻ ይሠራ ነበር።

ትንሹ፦ ቴክትሮኒክስ 310ኤ

ይህ መሣሪያ ለጥገና ሠራተኛ ታስቦ የተሠራ ነው። ባለ 3 ኢንች ስክሪን፣ 4 ሜጋኸርዝ፣ በትሪገር የሚነሳና በትክክል የተመዘነ ስዊፕ አለው፤ ክብደቱም 11 ኪሎ ገደማ ነው። በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። አንድ ቻናል ብቻ ነው ያለው። በአንድ የስክሪን ክፍልፋይ ከ100 ሚሊቮልት በታች በሆኑት ደረጃዎች ላይ ደግሞ ኤሲ (ተለዋዋጭ ቮልቴጅ) ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሳጥኑ ሲወልቅ ሻሲው በማጠፊያ ላይ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ሲያዩት ደስ ይላል። ግን ሁሉም ነገር ተጨናንቆ ስለተቀመጠ ሙቀቱ አይወጣም፣ እጅም አይገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥገና ለሚማር ሰው አልመክረውም። ቦታ ለሌለውና ከነጤናው ላገኘው ግን ከትናንሾቹ ሁሉ የሚስተካከለው የለም።

ትልልቆቹ፦ ቴክትሮኒክስ 535ኤ እና 545ኤ

ስለ ቲዩብ ዘመን ላቦራቶሪ ስናወራ በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ይህ ቤተሰብ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በኮምፒውተር ፋብሪካዎችና በምርምር ተቋማት በጋሪ ላይ እየተገፋ ይዞር ነበር። ጋሪው የግድ ነው፤ መሣሪያው ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ 500 ዋት ገደማ ይበላል፣ በክረምት ክፍል ያሞቃል።

ታላቁ ሐሳብ ፕላግ-ኢን ነው። የፊት አምፕሊፋየሩ እንደ መሳቢያ ይወጣና በሌላ ይተካል። ለከፍተኛ ፍጥነት ኬ፣ ለሁለት ቻናል ሲኤ፣ ለልዩነት መለኪያ ደግሞ ሌሎች ፊደላት አሉ። 545ኤ ከኬ ጋር 30 ሜጋኸርዝ፣ ከሲኤ ጋር 24 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። 535ኤ ከኬ ጋር 15 ሜጋኸርዝ ነው። ሁለቱም ዲሌይድ ስዊፕ አላቸው፦ ከረጅም ሞገድ ውስጥ የፈለጋችሁትን ቁራጭ መርጣችሁ ታጎላላችሁ።

ታዲያ ለምን ሁሉም 545ኤን ይፈልጋል? በቁጥሩ ምክንያት። እኔ ግን ለአብዛኛው ሰው 535ኤ ይሻላል ባይ ነኝ። የ545ኤ የመጨረሻ አምፕሊፋየር ተከታታይ የቲዩብ ጥንዶች በአንድ መስመር ላይ እየተጋገዙ የሚያጎሉበት ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ በርካታ ትናንሽ ማስተካከያ ካፓሲተሮች የተደረደሩበት የማዘግያ መስመር አለ። አንድ ሰው በካቻቪቴ ነካ ነካ ካደረጋቸው ቀጥ ያለው የካሬ ሞገድ ጫፍ ይንቀጠቀጣል፤ መልሶ ማስተካከል ለባለሙያም የቀናት ሥራ ነው። 535ኤ ቀለል ያለ አምፕሊፋየር አለው። የሚጠቅመው ስክሪን ቁመትም 6 ሴንቲሜትር ሲሆን የ545ኤ 4 ብቻ ነው። ከ15 ሜጋኸርዝ በላይ የማይሠራ ሰው ያንን ፍጥነት የሚገዛው በስክሪን ጥበትና በማስተካከያ ጣጣ ነው።

ውስጡን የከፈተ ሰው የማይረሳው ነገር የሴራሚክ ዘንጎቹ ናቸው። ሬዚስተርና ካፓሲተሮቹ በነጭ ሴራሚክ ላይ በተቆረጡ ቦዮች ውስጥ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድረው ተበይደዋል። ቦዮቹ በብር የተለበጡ ስለሆኑ ተራ ሊድ ደጋግሞ ከነካቸው ብሩን ይበላውና ይላቀቃል። ብር የተቀላቀለበት ሊድ ያስፈልጋል። ፋብሪካው ይህን አውቆ ትንሽ ጥቅል ሊድ ሻሲው ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ ከዘመናት በኋላ ሳጥን ከፍቶ ያንን ጥቅል ሳይነካ በቦታው ማግኘት ደስ የሚል ነገር ነው። ለማያውቁት ጠጋኝ እንዲህ ያሰቡ መሐንዲሶች ነበሩ።

አሁን ስለ ክፉው በሽታ። የመጀመሪያው 545ኤዬን ስገዛ ሻጩ አብርቶ አሳየኝ፣ መስመሩ ቀጭንና ደማቅ ነበር። ቤት ወስጄ ስሠራበት ከ40 ደቂቃ በኋላ ምስሉ ቀስ ብሎ ማበጥ ጀመረ። ሞገዱ ከስክሪኑ ወጣ፣ ደበዘዘ፣ ከዚያም ጠፋ። ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። የከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ ነበር። የታሸገበት ማጣበቂያ በዕድሜ ተበላሽቶ ሲሞቅ ኃይል ይበላል፤ ኃይል ሲበላ ይበልጥ ይሞቃል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። ጨረሩን የሚያፋጥነው ቮልቴጅ ሲወርድ ኤሌክትሮኖቹ ስለሚዘገዩ በቀላሉ ይጠመዘዛሉ፤ ስለዚህ ምስሉ እያደገ ይደበዝዛል። መፍትሔው ትራንስፎርመሩን እንደ አዲስ ማስጠምጠም ወይም ከሌላ መሣሪያ መውሰድ ነው። ሻጩ አላታለለኝም፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አብርቶት አያውቅም ነበር።

ዝግተኞቹ ግን ስሜተ-ስሱዎቹ፦ የቴክትሮኒክስ 502ኤና 503፣ እና የሂውሌት-ፓካርድ 130ሲ

ፍጥነት ሳይሆን ጥቃቅን ቮልቴጅ ማየት ለሚፈልግ ሌላ መስመር አለ። 502ኤ በአንድ ስክሪን ውስጥ ሁለት እውነተኛ ጨረሮች አሉት፤ በአንድ ሴንቲሜትር 100 ማይክሮቮልት ድረስ ይወርዳል። የነርቭና የጡንቻ ምልክት የሚያጠኑ ላቦራቶሪዎች ይወዱት የነበረው በዚህ ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ባንድዊድዙ 50 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው። 130ሲ 500 ኪሎኸርዝና በሴንቲሜትር 200 ማይክሮቮልት ይሰጣል።

503ን ግን ለብቻው ላነሳው እወዳለሁ። 450 ኪሎኸርዝ፣ በሴንቲሜትር 1 ሚሊቮልት፣ አንድ ጨረር። ቁጥሩን ያየ ሁሉ ያልፈዋል። ሰርኪቱ ንጹሕ ነው፣ የቲዩቡ ብዛት አነስተኛ ነው፣ አግድሙና ቁመቱ እኩል አምፕሊፋየር ስላላቸው ሁለት ምልክቶችን እርስ በርስ እየነዳ ሥዕል ይሠራል። የድምፅ አምፕሊፋየር የሚጠግንና መጠገንን ራሱን መማር ለሚፈልግ ሰው የማገኘው ምርጥ የመጀመሪያ መሣሪያ ይህ ነው።

በሽግግር ላይ ያለው፦ ቴክትሮኒክስ 561ኤ

በ1960ዎቹ ትራንዚስተር ሲገባ ቲዩቡ ወዲያው አልወጣም። 561ኤ ሁለቱንም የቀላቀለ፣ ሁለት ፕላግ-ኢን የሚቀበል፣ ከ545ኤ በጣም የሚቀል ነው። 3ኤ6 በተባለው ፕላግ-ኢን ሁለት ቻናል 10 ሜጋኸርዝ ይሰጣል። በኋላ የወጡት ላይ የመለኪያ ካሬው ስክሪኑ ውስጥ ስለተሠራ ዓይን ሲዘነበል ንባቡ አይሳሳትም። እንደ ትልልቆቹ ልብ አይሰርቅም፤ በየቀኑ ለመሥራት ግን ይመቻል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የተመዘነ የትሪገር ስዊፕ | ባንድዊድዝ | ቻናል | ክብደት | ስትገዙ የምትፈሩት |
|---|---|---|---|---|---|
| ዱሞንት 304-ኤ | የለም | ለድምፅ ብቻ | 1 | ከባድ | የወረቀት ካፓሲተር |
| ሂትኪት ኦ-12 | የለም | እስከ 5 ሜጋኸርዝ፣ ያለ ዲሲ | 1 | ቀላል | የገጣጣሚው ብየዳ |
| 310ኤ | አለ | 4 ሜጋኸርዝ | 1 | 11 ኪሎ ገደማ | ሙቀት፣ ጥበት፣ ትራንስፎርመር |
| 535ኤ | አለ፣ ከዲሌይ ጋር | 15 ሜጋኸርዝ | በፕላግ-ኢን | 30 ኪሎ ገደማ | ትራንስፎርመር |
| 545ኤ | አለ፣ ከዲሌይ ጋር | 30 ሜጋኸርዝ | በፕላግ-ኢን | 30 ኪሎ ገደማ | ትራንስፎርመር፣ የተነካካ ማዘግያ መስመር |
| 502ኤ | አለ | እስከ 1 ሜጋኸርዝ | 2 ጨረር | ከባድ | ትራንስፎርመር፣ ደብዛዛ ስክሪን |
| 503 | አለ | 450 ኪሎኸርዝ | 1 | መካከለኛ | ስክሪኑ |
| 561ኤ | አለ | 10 ሜጋኸርዝ በ3ኤ6 | በፕላግ-ኢን | መካከለኛ | ቆሻሻ የፕላግ-ኢን ማገናኛ |

ለማን የቱ?

ኪሳችሁ ጠባብ ሆኖ ለመማር ብቻ ከሆነ ኦ-12 ይዛችሁ ጀምሩ፤ ብታበላሹት እንኳ የምታበላሹት ተመልሶ የሚስተካከል ነው። ትንሽ ጨምራችሁ 503 ካገኛችሁ ግን አትለፉት። የድምፅ አምፕሊፋየር መግቢያና መውጫ አብራችሁ ማየት ከፈለጋችሁ 502ኤ ወይም 561ኤ። የአጭር ሞገድ ሬዲዮ የምትሠሩ 545ኤ ከኬ ጋር፤ ለሌላው ሁሉ 535ኤ። ትልቁን የምትገዙ ከሆነ ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ ማጓጓዣው ሊከብዳችሁ ስለሚችል መኪና ይዛችሁ ልታመጡት የምትችሉትን ፈልጉ። በፖስታ መምጣቱ ግድ ከሆነ ፕላግ-ኢኑ ወጥቶ ለብቻው ይታሸግ፤ በጉዞ ላይ ውስጡ ሆኖ ሲንገጫገጭ ማገናኛውን ይሰብራል።

ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አውሮፓ ወይም ወደ እስራኤል የምትወስዱት ካለ የኋላ ጽሑፉን አንብቡ። ትልልቆቹ ቴክትሮኒክሶች ትራንስፎርመራቸው ውስጥ ሽቦ በመቀየር ከ117 ወደ 234 ቮልት ይዛወራሉ። አሜሪካ የተሸጡት ሂትኪቶች ግን ብዙ ጊዜ ለ117 ብቻ ናቸው። ቮልቴጅ ማውረጃ ትራንስፎርመር ብታደርጉም 60ውን ኸርዝ ወደ 50 ወይም 50ውን ወደ 60 አይቀይርላችሁም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ላይ 50 መኖሩን አረጋግጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከሻጩ ፊት

ሳይበራ በፊት ሽታውን አሽትቱ፣ የኋላውን ፋን በእጅ አዙሩ። ቲዩቦቹ ሁሉ በቦታቸው መኖራቸውን ቁጠሩ፤ አንዳንዶቹ በድምፅ አፍቃሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ስለሆኑ ሳጥኑ ከመሸጡ በፊት የሚነቀሉበት ጊዜ አለ። በቀደሙት 535 እና 545 ውስጥ ደግሞ የሴሌኒየም ሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይር ዕቃ) አለ፤ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ መርዛማ ነው፣ መስኮት ይከፈት።

ስታበሩት ትልልቆቹ ላይ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ምንም አይሆንም፤ ከዚያ ውስጡ «ቀጭ» የሚል የሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ድምፅ ይሰማል። ቲዩቦቹ ሳይሞቁ ከፍተኛው ቮልቴጅ እንዳይደርስባቸው የተደረገ ጥበቃ ነው። ያ ድምፅ ካልመጣ ዋጋውን ከመደራደር በፊት ምክንያቱን እወቁ። የፊቱ ላይ ያለውን የ1 ኪሎኸርዝ ካሊብሬተር (ልኩ የታወቀ የካሬ ሞገድ የሚሰጥ መውጫ) ወደ መግቢያው በሽቦ አገናኙና የካሬ ሞገዱን ተመልከቱ፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ከፍታው ቁልፉ ከሚለው ጋር የሚገጥም መሆን አለበት። ሳጥኑ ክፍት ከሆነና ልምዱ ካላችሁ ብቻ ከሁሉ በፊት ኔጌቲቭ 150 ቮልቱን ለኩ፤ ሌሎቹ ቮልቴጆች በእሱ ላይ ስለሚደገፉ እሱ ከተዛነፈ ሌላውን መመርመር ከንቱ ድካም ነው። ልምዱ ከሌላችሁ ግን ውስጡን አትንኩ፦ በስክሪኑ ላይ 10 ሺህ ቮልት፣ ከታች ደግሞ ሰው ለመግደል የሚበቃ ቻርጅ የያዙ የ500 ቮልት ካፓሲተሮች አሉ፤ ከተነቀለ በኋላም ይቆያሉ።

ከዚያ ሻጩን አንድ ሰዓት እንዲታገሣችሁ ለምኑት። በየአሥር ደቂቃው የዚያን የካሬ ሞገድ ከፍታ በሴንቲሜትር እየለካችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከሰዓቱ በኋላ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ጤነኛ ነው። ካደገ ወይም ሻጩ ሰዓት መስጠት ካልፈለገ ዋጋውን እንደማይሠራ ዕቃ ቆጥራችሁ ተነጋገሩ።